«እወደዋለሁ፤ ግን ፍቅሩ እንደ ድሮው አይዘኝም»፦ ሰርጓ ለተቃረበ እህት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ29 ዓመት ወጣት ናት፤ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ከእጮኛዋ ጋር አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ ላይ ተቆርጧል። «በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስልኩ ሲጠራ ልቤ ይሰቀል ነበር፤ እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልተኛ ብሎኝ ነበር። አሁን ሲታመም እጨነቃለሁ፣ አከብረዋለሁ፣ ያለ እሱ ኑሮዬን ማሰብ አልችልም፤ ያ ነገር ግን የለም። ከአራት ወር በፊት ደግሞ መሥሪያ ቤታችን አዲስ ባልደረባ ገባ። እሱን ሳይ ልክ እንደዚያ ጊዜው እሆናለሁ። ምንም አላደረግንም፤ ምሳ አብረን እንበላለን፣ ማታ ማታ እንጻጻፋለን። እጮኛዬን እወደዋለሁ፤ ግን ፍቅሩ ለቆኝ ይሆን? ሰርጉንስ ልሰርዘው?»

እህቴ፣ ያነሳሽው ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው፤ አንደኛው ስለ እጮኛሽ፣ ሁለተኛው ስለ ባልደረባሽ። አንድ ላይ ስለቋጠርሻቸው ነው መፍቻው የጠፋብሽ። የአራት ዓመት ሰውን ከአራት ወር ሰው ጋር በልብ ምት እየለካሽ ነው። በዚህ መለኪያ አዲሱ ሁልጊዜ ይበልጣል፤ እጮኛሽ የቱንም ያህል መልካም ሰው ቢሆን። ስለዚህ በዛሬው ስሜትሽ ሰርጉን አትሰርዢ፤ ነገሩን ውጠሽም ወደ ሰርጉ አትግቢ። እስከ ሚያዝያ ጊዜ አለሽ። ከዚያ ውስጥ ስምንት ሳምንት በሥርዓት ብትጠቀሚበት አሁን የተደበላለቀብሽ ነገር ይለያል። አደራረጉን በዝርዝር እነግርሻለሁ፤ አስቀድመሽ ግን የሚሆነው ነገር ለምን እንደሚሆን ብታውቂ ይሻላል። ምክንያቱን ሳያውቁ የጀመሩት ነገር በሁለተኛው ሳምንት ይተዋል።

ፍቅር ሲይዝ ሰው የሚሆነው በየአገሩ ይመሳሰላል። ሐሳቡ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሥራ ላይ፣ ጸሎት ላይ፣ ታክሲ ውስጥ። «ደህና አደርሽ» የሚል መልእክት ሦስት ጊዜ ይነበባል። የዚያ ሰው ጉድለት አይታይም፤ ቢታይም ያምራል። ዶሮቲ ቴኖቭ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ500 የሚበልጡ ሰዎችን ስለዚህ ሁኔታ ጠይቃ እ.ኤ.አ. በ1979 «ሊመረንስ» የሚል ስም አወጣችለት። ከሥራዋ አንቺን የሚመለከትሽ እሳቱ የሚነድበት ነገር ነው። ተስፋና ጥርጣሬ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ተስፋ ጨርሶ ከሌለ ይጠፋል፤ ጥርጣሬ ጨርሶ ከሌለም ይበርዳል። በአብዛኛው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። የሚያበቃውም ወይ ምላሽ አግኝቶ ወደ ረጋ ግንኙነት ሲለወጥ፣ ወይ የሚነድበት አጥቶ ሲከስም፣ ወይ ደግሞ ወደ ሌላ ሰው ሲዛወር ነው።

እስቲ የራስሽን ታሪክ በዚህ አንብቢው። ሁለት ዓመት ነደድሽ፤ ምላሽ አገኘሽ፤ ጥርጣሬው ቀረ፤ ቀለበት ታሰረ። ከባልደረባሽ ጋር ያለው ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ጥርጣሬ ነው። ዛሬ ማታ ይጽፍ ይሆን? ያ ፈገግታ ለእኔ ነው ወይስ ለሁሉም? ቀለበቴን እያየ ምን አስቦ ነው? እጮኛሽ ይህን ሊሰጥሽ አይችልም፤ እንደሚደውል ታውቂያለሽና። የልብሽን መምታት የወሰደው መታመኑ ነው።

በአንጎል ውስጥ የሚታየውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 አርተር አሮን፣ ሄለን ፊሸርና ሉሲ ብራውን የነበሩበት ቡድን አጥብቆ ፍቅር የያዛቸውን 17 ሰዎች ኤምአርአይ ውስጥ አስገብቶ የሚወዱትን ሰው ፎቶግራፍ አሳያቸው። ሥራው የጨመረው ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል የሚመነጭበት የመካከለኛው አንጎል ክፍል ነበር፤ ሰው ወደሚፈልገው ነገር እንዲሮጥ የሚገፋው ክፍል ማለት ነው። ከዚያ ቀደም በ2000 ለንደን ውስጥ አንድሪያስ ባርቴልስና ሰሚር ዘኪ ተመሳሳይ ምርመራ ሲያደርጉ፣ ፍርሃትን ከሚያስተናግደውና ሰውን ለመመዘን ከምንጠቀምባቸው የአንጎል ክፍሎች አንዳንዶቹ ሥራቸው ቀንሶ አግኝተዋል። ጣሊያን ፒሳ ውስጥ ደግሞ ዶናቴላ ማራዚቲና ባልደረቦቿ በ1999 አዲስ ፍቅር የያዛቸውን 20 ሰዎች ደም መርምረው፣ ሴሮቶኒን ከተባለው ሌላ የአንጎል ኬሚካል ጋር የተያያዘ አንድ ልኬት ሐሳብ አልለቅ ብሎ የሚያሰቃያቸው የኦሲዲ ሕሙማን ላይ እንደሚታየው ዝቅ ብሎ አገኙት። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ዳግም ሲለኩ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም የሚያሳዩት አቅጣጫ ግን አንድ ነው። ይህ ሁኔታ እውነተኛ ነው፣ ኃይለኛ ነው፣ አላፊ ነው፤ ሰውን መዝኖ ለመወሰን ደግሞ አይመችም። አሁን ስለ ባልደረባሽ ያለሽ ግምት የተሠራው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለ ጠባዩ የምታውቂው የምሳ ሰዓት ጠባዩንና ማታ በስልክ የሚጽፈውን ብቻ ነው። ሲናደድ፣ ገንዘብ ሲያጥረው፣ እናቱ ስትታመም አላየሽውም። እጮኛሽን በዚህ ሁሉ አይተሽዋል።

መውደድ በሌላ መንገድ ይሠራል። ከተስፋና ከጥርጣሬ የሚነሣ አይደለም፤ ከማወቅና ከመደጋገም ነው። ሮበርት ስተርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1986 ፍቅርን በሦስት ነገር ከፍሎታል፦ ቅርርብ፣ የሥጋና የስሜት ግለት፣ ቃል ኪዳን። ያንቺን ደብዳቤ በዚህ ሳየው፣ ከእጮኛሽ ጋር ቅርርብና ቃል ኪዳን አሉ፤ ግለቱ ቀንሷል። ከባልደረባሽ ጋር ግለት አለ፤ ቅርርቡ ገና ጅምር ነው፤ ቃል ኪዳን ጭራሽ የለም። አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ሐሰት አይሆኑም፤ የጎደለው ግን ለምን እንደጎደለ መጠየቅ አለበት።

መውደድ ምን እንደሚመስል በቅርቡ ለማየት አንዲት ትንሽ ነገር ልውሰድ። ካፌ ተቀምጣችኋል፤ ማኪያቶው መጥቷል። እሱ ስኳሩን እያማሰለ «አለቃዬ ያን ሪፖርት በራሱ ስም አቀረበው» ይላል። ድምፁ ተራ ነው፤ ዐይኑ ስኒው ላይ ነው። አንቺ ስልክሽን ገልብጠሽ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጪና «ያን የለፋህበትን? ሰው ፊት ነው?» ትያለሽ። አምስት ሰከንድ አይሞላም። ወይም ዐይንሽን ከስልኩ ሳታነሺ «ተወው ባክህ፣ ሁሉም አለቃ እንዲሁ ነው» ትያለሽ። ያም አምስት ሰከንድ ነው። ሲያትል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ባለትዳሮችን ያጠናው ጆን ጎትማን እንዲህ ያለውን ትንሽ ጥሪ ሲቆጥር ኖሯል። አዲስ ተጋቢዎችን ተመልክቶ ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመለስ፣ ትዳራቸው የጸናው ከቀረበላቸው ጥሪ ለ86 በመቶው ምላሽ የሰጡ ነበሩ፤ የተፋቱት ደግሞ ለ33 በመቶው ብቻ። እንግዲህ መውደድ ማታ ማታ ሲፈተሽ የሚገኘው እዚህ ነው። የዚህን ሳምንት ምላሽሽን ቁጠሪው፤ የእሱንም ቁጠሪለት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንግዲያው ግለቱ ከሄደ ሄደ፤ የቀረው መዋደድ ይበቃል» ብሎ ይደመድማል። በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2012 ቢያንካ አሴቬዶ ከላይ ካነሳኋቸው ከአሮን፣ ከፊሸርና ከብራውን ጋር ሆና በአማካይ 21 ዓመት በትዳር የቆዩና አሁንም አጥብቀን እንፋቀራለን የሚሉ 17 ሰዎችን በኤምአርአይ መረመረች። ያ በአዲስ አፍቃሪዎች ላይ የታየው የዶፓሚን ክፍል እነሱም ላይ ሥራው ጨምሮ ታየ። ልዩነቱ የመጀመሪያው ጊዜ ጭንቀትና ሐሳብ አለመልቀቁ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ላይ የመረጋጋትና የመተማመን ምልክት ነበር የታየው። ስለዚህ እንቅልፍ ማጣቱ ሊመለስ አይገባም፤ መፈላለጉ ግን ሊመለስ ይችላል። አንቺ «ያ ነገር የለም» ስትዪ ከሁለቱ የቱን ማለትሽ ነው? ጭንቀቱ ከሆነ የናፈቀሽ ተይው። እሱን መፈለግ ከሆነ የጎደለው ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለአንቺ ነው።

አንቺ ባለሽበት ቦታ የሚገኝ ሰው ላይ ከሦስት ነገር አንዱ ሆኖ ይገኛል። ፍቅሩ ረግቶ ይሆናል። ተርቦ ይሆናል። ወይም አልቆ ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት ሦስቱም «ልቤ አይመታም» ነው የሚሉት፤ የሚደረገው ግን ለየቅል ነው።

የረጋ ፍቅር መልካም ዜና ሲሰማ መጀመሪያ ለማን መደወል እንዳለበት ያውቃል። አጠገብሽ ሲሆን ትከሻሽ ይወርዳል፣ ትንፋሽሽ ይረጋል። ሁለት ሳምንት መስክ ሲወጣ የሚጎድልሽ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ በስም መጥራት ትችያለሽ፦ ሳቁ፣ ምክሩ፣ ሽታው። ያናድድሻል፤ ግን አትንቂውም።

የተራበው ትንሽ ይከብዳል፤ በሰርግ ዋዜማ ያሉ ጥንዶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ባለፈው ወር ሁለታችሁ ስለ ምን አወራችሁ? አዳራሽ፣ ቬሎ፣ የሚዜ ልብስ፣ የእንግዳ ቁጥር፣ በእናትሽ በኩል ስንት ሰው፣ በእናቱ በኩል ስንት ሰው። ሁለት ሰዎች ለስድስት ወር የአንድ ድግስ አስተባባሪ ሆነው ሲሠሩ ፍቅረኛ መሆናቸው ይዘነጋል። አሁን እሱ የሚፈራው ምንድን ነው? ባለፈው ዓመት ምን ሐሳቡ ተለወጠ? መልሱን ካላወቅሽ የምታውቂው የሁለት ዓመት በፊቱን ሰው ነው። ባልደረባሽ ግን በየማታው «ዛሬ ምን ተሰማሽ?» እያለ ይጠይቅሻል። ከልብ ምቱ ግማሹ እሱ ሳይሆን መጠየቅሽ ሊሆን ይችላል። ይህን ልብ በይ።

ያለቀው ደግሞ ምልክቱ ንቀት ነው። ሲናገር ዐይንሽ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። ሲነካሽ ሰውነትሽ ይሸሻል። ጉድለቱን ለጓደኞችሽ ስታወሪ ቀለል ይልሻል። ወይም ንቀት የለም፤ ያለው ማዘን ብቻ ነው፦ «ብተወው ይጎዳል፣ አራት ዓመት ጠብቆኛል፣ ቤተሰቡ ምን ይላል።» አንጀት መብላት የሚያስመሰግን ርኅራኄ ነው፤ ለጋብቻ ግን አይበቃም። የታዘነለት ባል ውሎ አድሮ ያውቀዋል፤ ያን ቀን የሚሰማው ውርደት ዛሬ ልታድኚው ከምትፈልጊው ሐዘን ይከፋል። ይሉኝታም እንዲሁ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ የሁለቱንም ነፃና ሙሉ ፈቃድ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በቁርባን ለመጋባት አስባችሁ ከሆነ ደግሞ ማሰሪያው የጠነከረ ስለሆነ ጥርጣሬሽን ለንስሐ አባትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሦስቱን የምትለዪበት አንድ ሙከራ አለ፤ በሁለት ክፍል ነው፣ ሁለተኛውን እንዳታስቀሪ። ጠዋት ላይ፣ እንቅልፍ ጠግበሽ፣ ብቻሽን ሁኚ። ማታ ከተጻጻፍሽ በኋላ አይሆንም። በማንም ጥፋት ሳይሆን ሰርጉ በአንድ ዓመት ተራዘመ የሚል ስልክ ተደወለልሽ እንበል። የመጀመሪያው ስሜትሽ ምንድን ነው? ጻፊው። እፎይታ ከሆነ አትደንግጪ፤ ከድግሱ ጣጣ ማረፍሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛውን አስቢ፦ ድግስ የለም፣ እንግዳ የለም፣ ነገ ጠዋት ከምስክሮቻችሁ ጋር ሄዳችሁ ትፈራረሙና ማታ አንድ ቤት ትገባላችሁ። አሁንስ? በመጀመሪያው እፎይ ብለሽ በሁለተኛው ደስ ካለሽ የከበደሽ ሰርጉ ነው። በሁለቱም ሆድሽ ከተቋጠረ ጉዳዩ ሰውየው ነው። ይህን ሙከራ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ በተለያየ ቀን ድገሚው፤ የአንድ ቀን መልስ የዚያ ቀን ስሜት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሥራው ከመግባትሽ በፊት ጤናሽንም አንድ ጊዜ አስቢው። እንቅልፍ ማጣት፣ ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ ስሜትንም ፍላጎትንም ያደበዝዛሉ። ለድባቴ ወይም ለጭንቀት የሚታዘዙ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ብዙ ሰው ላይ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ፤ የሆርሞን የወሊድ መከላከያም አንዳንድ ሴቶች ላይ እንዲሁ። ከነዚህ አንዱን ከጀመርሽ በኋላ ነገሩ ከቀዘቀዘ ሐኪምሽን አማክሪ፤ በራስሽ እጅ ግን አታቋርጪ። ባልደረባሽን ስታዪ ልብሽ የሚነሣ መሆኑ ድባቴ ነው የሚለውን ግምት ያሳንሰዋል፤ በድባቴ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ደስታ ሁሉ ነው የሚደበዝዘውና። አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አላልፍም። እጮኛሽ የሚመታሽ፣ የሚያስፈራራሽ፣ ስልክሽንና መውጫ መግቢያሽን የሚቆጣጠር ከሆነ ልብሽ የቀዘቀዘው ከፍርሃት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ላንቺ አይደለም። በቅድሚያ ከሚያምኑሽ ቤተሰቦችሽ ጋር ሆነሽ ራስሽን አርቂ።

አሁን ስምንቱ ሳምንት።

በመጀመሪያው ቀን ከባልደረባሽ ጋር ያለውን ነገር ምግብ ትነሺዋለሽ። የማታ ጽሑፍ ይቆማል፤ ማሳወቂያው ይዘጋል፤ የድሮው መልእክት ከስልክሽ ይጠፋል፤ ተመልሶ የሚነበብ ነገር ካለ አያርፍምና። ምሳ ከሦስትና ከአራት ሰው ጋር ይበላል እንጂ ለሁለት አይሆንም። ወደ ቤት መሸኘት አይኖርም። የሥራ ጉዳይ በሥራ ሰዓት፣ በሥራ መንገድ። ብዙዎች የሚሰናከሉበት «የመጨረሻ ውይይት» የሚባለው ነው። «ቢያንስ ልንገረውና ይውጣልኝ» ይላሉ። እንዳታደርጊው። ስሜትሽን የነገርሽው ቀን ተስፋውም ጥርጣሬውም በአንድ ጊዜ በእጥፍ ይጨምራል፤ ሊጠፋ የነበረው እንደ አዲስ ይጀምራል። ለምን ራቅሽ ቢልሽ «ሰርግ ደርሷል፣ ጊዜ የለኝም» በቂ ነው፤ እውነትም ነው። ሌላው ስህተት በቀነሰ መጠን መቀጠል ነው፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ መጻጻፍ። አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር በየቀኑ ከሚመጣው የበለጠ ያስጠብቃል፤ ቁማርን ሱስ የሚያደርገውም ይኸው አልፎ አልፎ መምታቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ትቆጪያለሽ፣ ትናደጃለሽ፣ «ይህን ያህል ካመመኝ እውነተኛው ፍቅር እሱ ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሕመሙ የመራቅ ሕመም ነው፤ የሰውየውን ትክክለኛነት አይመሰክርም።

በሁለተኛው ሳምንት ከእጮኛሽ ጋር ትነጋገሪያለሽ። «ፍቅሬ ቀንሷል» ብለሽ አትጀምሪ፤ ይህን የሰማ ሰው ቀሪውን አይሰማም፤ ወይ ይከላከላል ወይ ይለማመጣል። እንዲህ በይው፦ «ስለ ሰርግ ካልሆነ ካወራን ቆየን። አንተ ናፍቀኸኛል፤ እኔም ለራሴ ናፍቄያለሁ። እንደ ድሮው ሆነን ማግባት እፈልጋለሁ፤ ትረዳኛለህ?» ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ፤ እሱም የሚለው ይኖረዋል። ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ከሄደና የልብሽ ምት ሲፈጥን፣ ጆሮሽ ሲግል ከተሰማሽ «ሃያ ደቂቃ እንረፍ» ብላችሁ ተነሡ። ሰውነት ሲቆጣ ለመብረድ ቢያንስ ያን ያህል ይፈልጋል። በእረፍቱ ጊዜ መልስ አትዘጋጂ፤ ተራመጂ።

ስለ ባልደረባው ለእጮኛሽ ይነገረው ወይ? በእኔ አስተያየት ስሜት ብቻ ከሆነና ዛሬ ከቆረጥሽው መናገር ግዴታሽ አይደለም፤ የማይረሳው ምስል ሰጥተሽው አንቺ ቀለል ይልሻል፣ እሱ ይሸከመዋል። መነካካት ከነበረ፣ ወይም በጽሑፍ የተባባላችሁት እሱ ቢያነበው ክህደት የሚለው ከሆነ ግን ከሰርጉ በፊት የማወቅ መብት አለው። ሳያውቅ የሚሰጠው ፈቃድ ሙሉ አይደለም።

ከዚያ እስከ ስምንተኛው ሳምንት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል አዲስ ነገር አብራችሁ አድርጉ። ቁጥሩን ከራሴ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት ባለትዳሮች ለ10 ሳምንት፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል አብረው እንዲያሳልፉ ተደረገ፤ አንዱ ክፍል ደስ የሚል የለመደውን ነገር፣ ሌላው የሚያነቃቃ ያልለመደውን ነገር። በትዳሩ መርካቱ የበለጠ የጨመረው ሁለተኛው ነበር። የተለመደው ካፌ፣ የተለመደው ፊልም አይቆጠርም። እንጦጦ ላይ ፈረስ መጋለብ፣ ከሁለታችሁም አካባቢ ያልሆነ እስክስታ መማር፣ ሁለታችሁም ወደማታውቁት ከተማ በጠዋት አውቶቡስ ሄዶ ማታ መመለስ፤ ትንሽ የሚያስፈራ፣ ትንሽ የሚያስቅ፣ ሁለታችሁም የማትችሉት ነገር ይሁን። አንዱ አዋቂ ሌላው ተማሪ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ይህ የሚሠራበትን ምክንያት የሚያሳይ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ደተንና አርተር አሮን ካናዳ ቫንኩቨር አጠገብ 70 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የካፒላኖ ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ወንዶችን በአንዲት ሴት ጠያቂ አነጋገሯቸው፤ ስልኳንም ሰጠቻቸው። በኋላ ስልኳን ከወሰዱት 18 ሰዎች 9ኙ ደወሉላት። ዝቅ ባለና በማይወዛወዝ ድልድይ ላይ ካገኘቻቸው 16 ግን 2 ብቻ። ሰውነት ሲነቃቃ አጠገብ ያለው ሰው ድርሻውን ይወስዳል። ባልደረባሽን የምታገኚው የሥራ ቀነ ገደብ ሲያጣድፋችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ ተሯሩጣችሁ ነው። እጮኛሽን የምታገኚው ደክሞሽ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የእንግዳ ዝርዝር ይዘሽ። ቦታውን አስተካክይላቸው።

በየቀኑ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ስለ ሰርግ የማይወራበት ወሬ ይኑራችሁ፤ በአካል ካልተቻለ በስልክ። ጥያቄሽ መልሱን የማታውቂው ይሁን፦ «ልጅ እያለህ ምን ትፈራ ነበር?» «ከአባትህ ምን ባትወርስ ትመኛለህ?» አንዳንድ ቀን ወሬው ይደርቃል፤ ምንም አይደለም፣ አትቁረጡት። ግለቱ በሦስተኛው ሳምንት ካልመጣ ብለሽ አትለኪ። እየጠበቁ ሲለኩት ይሸሻል። የምትለኪው በየእሑዱ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በዚህ ሳምንት እሱን ለማግኘት የጓጓሁበት ቀን ነበር? ስለ እሱ ያላወቅሁትን ነገር አወቅሁ? አዎ ወይም አይደለም ብለሽ ጻፊ።

ቤተሰብ ይህን ቢሰማ «ፍቅር ትዳር ውስጥ ይመጣል» ሊልሽ ይችላል። አያቶቻችን ሳይተያዩ ተጋብተው ተዋደው የኖሩበት ብዙ ቤት አለ፤ እውነት ነው። የሚመጣው ግን መከባበርና ገርነት ካለ ነው። ሰውነት የሸሸው፣ ልብ የናቀው ቤት ውስጥ ጊዜ የሚጨምረው ርቀትን ነው።

በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ማስታወሻሽን አውጪ። ከእሑዶቹ የሚበዙት «አዎ» ከሆኑና በሙከራው ሁለተኛ ክፍል ደስ እያለሽ ከመጣ ፍቅርሽ ረግቶ ወይም ተርቦ ነበር፤ ወደ ሰርጉ ግቢ፤ የሳምንቱን አንድ ሰዓት ተኩልም ከሰርጉ በኋላ አትተይው። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ሰርጉን በስድስት ወር አራዝሙ፤ ለሰው የሚነገረው ምክንያት የሁለታችሁ ስምምነት ነው። በዚህ ጊዜ ጥንዶችን የሚያማክር ባለሙያ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። ባልደረባው ከሐሳብሽ ከጠፋ በኋላም ሆድሽ እንደተቋጠረ፣ ሰውነትሽ እንደሸሸ ከቀረ ግን አትግቢበት፤ ለአዳራሽ የተከፈለ ቀብድ የጋብቻ ምክንያት አይሆንም።

ወደ ማቆሙ ከደረስሽ ቅደም ተከተሉ ይከበር። መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው፤ በአካል፣ ሁለታችሁ ብቻ፣ በቀን። ጉድለቱን አትዘርዝሪ፤ ውሳኔውን በግልጽ ቃል ንገሪው፤ «እናያለን» ብለሽ ተስፋ አትተዪበት። በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ለወላጆችሽ፣ ከዚያ ሽማግሌ ሆነው ለመጡት አባቶች፤ እነሱ ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙ ቅያሜው በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ይተርፋል። ቀለበቱንና በእሱ ወገን የመጣውን ስጦታ ሳይጠየቅ መልሺ። ወደ ባልደረባሽም ቀጥ ብለሽ አትሂጂ፤ ቢያንስ ስድስት ወር ይለፍ። ይህ ሁሉ የጥሪ ካርድ ከመታተሙ በፊት መጠናቀቅ አለበትና፣ ለማተሚያ ቤቱ የምትሰጪውን ቀን ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ አድርጊው።